ከአሮጌ ዎርክስቴሽን የጌም ማሽን፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መነሻው

ማሽኑ ኤችፒ ዜድ420 ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ገበያ ላይ የዋለ ዎርክስቴሽን። ውስጡ ኢንቴል ዚዮን ኢ5-1620 አለ፤ አራት ኮር፣ ስምንት ትሬድ፣ 3.6 ጊጋኸርዝ፣ ሲያፈጥን 3.8። ራሙ 8 ጊጋባይት ዲዲአር3 ነው። ግራፊክስ ካርዱ ኳድሮ ኬ2000፣ ሚሞሪው 2 ጊጋባይት ብቻ። ዲስኩ የሚሽከረከረው ዓይነት። ፓወር ሰፕላዩ 600 ዋት።

የምፈልገው ብዙ አይደለም። በ1080ፒ፣ መካከለኛና ከዚያ ትንሽ ከፍ ባለ ሴቲንግ፣ በሰከንድ ከ60 ፍሬም ሳይወርድ እንዲያጫውት ነው። 4ኬ አልጠይቅም፤ ሬይ ትሬሲንግም ይቅርብኝ።

እንዲህ ያሉ ማሽኖች የተሠሩት ለኢንጂነር፣ ለአርክቴክት፣ ለቪዲዮ ኤዲተር ነው። ቀንና ሌሊት ሳይጠፉ እንዲሠሩ ታስበው። ቦርዳቸው ጠንካራ ነው፣ ፓወራቸውም አያጭበረብርም። ግን እንደ ተራ ዴስክቶፕ አይታዘዙም። ፓወር ሰፕላዩ የራሱ ቅርጽና የራሱ መሰኪያ አለው፤ ከየትም ያመጡትን መተካት አይቻልም። ባዮሱም (ማሽኑን የሚያስነሳው የቦርዱ ፕሮግራም) ብዙ ነገር አይከፍትም። ኦቨርክሎክ (ፕሮሰሰሩን ከተሠራለት ፍጥነት በላይ ማስኬድ)? ወይ ፍንክች! ስለዚህ ዕቃ ከመግዛቴ በፊት ማሽኑ ራሱ ምን እንደሚፈቅድ አጣራለሁ።

ምንም ሳልነካ በፊት ያለበትን ሁኔታ መዘገብኩ። በኤችደብልዩኢንፎ የሙቀት መጠኑን፣ በክሪስታልዲስክኢንፎ የዲስኩን ጤንነት፣ በሲኒቤንች የፕሮሰሰሩን ውጤት። ይህ መዝገብ ኋላ ላይ ብዙ ክርክር ያስቀራል። ፕሮሰሰሩ ሙሉ ሥራ ላይ ሲሆን ሙቀቱ ከ85 ዲግሪ በላይ ይወጣል። የመጀመሪያው ሥራ ታወቀ።

አቧራ፣ ፔስት፣ ባትሪ

ሂትሲንኩ (የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያወጣው ብረት) መሐል የገባው አቧራ ተጠቅልሎ ጥጥ መስሏል። ፋኑን በጣት ይዞ አየር መንፋት ነው። ዝም ብሎ ከተነፋ ፋኑ ከልኩ በላይ ይሽከረከርና ይጎዳል። በፕሮሰሰሩና በሂትሲንኩ መሐል ያለው ተርማል ፔስት ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ በአይሶፕሮፒል አልኮል ተጠርጎ አዲስ ተቀባ።

የቦርዱን ባትሪም ቀየርኩ። ሲአር2032 የምትባለዋ ክብ ባትሪ ናት። ማሽኑ ከሶኬት በተነቀለ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለስ ነበር፤ የደከመ ባትሪ ምልክቱ ይኸው ነው። ሰዓቱ ሲዛባ የድረ ገጽ ሰርተፍኬት አይነበብም፣ የጌም ሎግኢን ይከለከላል። ሰው ግን ኢንተርኔቱን ነው የሚራገመው።

ከዚህ በኋላ በዚያው ፈተና ሙቀቱ ሰባዎቹ መጀመሪያ ላይ ቆመ። እስካሁን ምንም የተገዛ ዋና ዕቃ የለም።

ቡት ብሎክ የምትባል ቀን

ዜድ420 ሁለት ዓይነት ቦርድ አለው። ከውጭ ሲያዩት አንድ ናቸው። ልዩነቱ ባዮስ ውስጥ፣ የሲስተም መረጃ ገጹ ላይ፣ ቡት ብሎክ (የባዮሱ የመነሻ ክፍል) ከሚለው ጎን የተጻፈችው ቀን ናት። ማሽኑ ሲነሳ ኤፍ10 ተጭኖ መግባት ነው። ዓመቱ 2013 ከሆነ ቪ2 የሚባሉትን ዚዮኖች ይቀበላል፤ ለምሳሌ ባለ 6 ኮሩን ኢ5-1650 ቪ2፣ በ3.5 ተነስቶ 3.9 ጊጋኸርዝ የሚደርሰውን። 2011 ከሆነ ግን አይቀበልም። ባዮሱን አፕዴት ማድረግ ይህችን ክፍል አይቀይራትም።

የእኔው 2011 ነው። በቃ፣ ቪ2 ቀረ። ሶኬቱ ያው ኤልጂኤ 2011 ስለሆነ ፕሮሰሰሩ ቦታው ላይ በደንብ ይቀመጣል፤ ማሽኑ ግን አይነሳም። ይህን ሳያዩ የሚገዙ ብዙ ናቸው፤ ከዚያ ፕሮሰሰሩ ሞቶ መጣ ይላሉ።

ስለዚህ የቀሩኝ ምርጫዎች የመጀመሪያው ትውልድ ናቸው። ውሳኔውን ለኋላ አቆየሁት። መጀመሪያ ካርዱ ይግባና ፕሮሰሰሩ የት ላይ እንደሚያነክስ በዓይኔ ልየው።

ራም

ይህ ቦርድ ራምን በአራት ቻናል ያነባል። ዲዲአር3-1600 በአንድ ቻናል በሰከንድ 12.8 ጊጋባይት ያሳልፋል፤ አራቱ ሲሞሉ 51.2 ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ባለ 16 ከመሰካት አራት ባለ 8 ይሻላል። ድምሩ ያው 32 ጊጋባይት ነው፤ መንገዱ ግን ይሰፋል።

አራት ታዘዙ። ተሰኩ። ማሽኑ ተነሳና አምስት ጊዜ ጮኸ፤ የፓወር መብራቱም በቀይ አምስቴ ብልጭ አለ። ቆም ብሎ እንደገና አምስት። በእነዚህ ማሽኖች አምስት ማለት ራም ነው። አራት ከሆነ ፓወር፣ ስድስት ከሆነ ግራፊክስ፣ ሁለት ከሆነ ሙቀት። ይህን መቁጠር የሚያውቅ ሰው ግማሹን ምርመራ ጨርሷል።

አውጥቼ ስቲከሮቹን አነበብኩ። ሦስቱ ላይ 12800ኢ ይላል፤ አንዱ ላይ 12800አር። ሻጩ ቀላቅሎ ልኮታል። የመጨረሻዋ ፊደል ናት ነገሩ። ኢ ማለት ኢሲሲ (ስህተት ማረሚያ) ያለው ተራ ራም ነው፤ አር ማለት ሬጂስተርድ፣ የሰርቨሩ ዓይነት። ቅርጻቸው አንድ፣ ቀዳዳቸው አንድ፣ ግን ሆድና ጀርባ ናቸው። አንድ ቦርድ ላይ አብረው አይሠሩም። አራተኛው ተቀይሮ መጣ፣ ጩኸቱ ቆመ። ባዮሱም 32 ጊጋባይት አነበበ።

ኤስኤስዲ

አጭር ነው። ሃርድ ዲስኩን ወደ ሳታ ኤስኤስዲ ገለበጥኩት። ቦርዱ ላይ ካሉት የሳታ መሰኪያዎች 6 ጊጋቢት የሆኑት ሁለት ብቻ ናቸው፤ የቀሩት በግማሽ ፍጥነት፣ 3 ጊጋቢት ይሄዳሉ። አሮጌው ኬብል የተሰካው ዘገምተኛው ላይ ነበር። እዚያው ቢቆይ ንባቡ በሰከንድ 270 ሜጋባይት አካባቢ ይቆማል። ወደ ፈጣኑ ሲዛወር 500ን አለፈ።

ከሳታ የሚፈጥነው ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲስ? በፒሲአይ ኤክስፕረስ አስማሚ ካርድ ማስገባት ይቻላል፤ ዊንዶውስ ያየዋል፣ ጌም ይጫንበታል። ነገር ግን የዚህ ትውልድ ባዮስ ከእሱ ላይ አይነሳም። ዩኤስቢ ላይ ቡትሎደር አድርገው የሚያልፉት አሉ። እኔ ለጌም ሎዲንግ ብቻ ያን ያህል አልደክምም።

ካርዱ፦ ከመግዛት በፊት ያለው ሒሳብ

እዚህ ላይ ብዙ ቆየሁ።

መጀመሪያ ኃይል። ፓወሩ 600 ዋት ቢልም ለካርድ የሚሆኑ ሁለት ባለ 6 ፒን ኬብሎች ብቻ ናቸው ያሉት። በደረጃው መሠረት ስሎቱ ራሱ 75 ዋት ይሰጣል፣ ባለ 6 ፒን 75፣ ባለ 8 ፒን 150። ሁለቱን ባለ 6 ፒን አገናኝቶ አንድ ባለ 8 ፒን የሚያደርግ ኬብል አለ፤ 75 እና 75፣ 150። ሒሳቡ ይገጥማል። የማይገጥመው ከሳታ ፓወር ወደ ካርድ የሚቀይረው ኬብል ነው። የሳታ መሰኪያ በ12 ቮልት 54 ዋት ገደማ ነው የሚችለው። ከዚያ በላይ ሲጎተት ፕላስቲኩ ይቀልጣል። እንዲህ ያለውን ኬብል በነፃም ቢሰጡኝ አልሰካም።

ሁለተኛ የመስመር ብዛት፤ ካርዱና ቦርዱ መረጃ የሚለዋወጡባቸው መንገዶች ማለት ነው። ቦርዱ ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 ነው። አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ዋጋው ያጓጓል፤ ነገር ግን አራት መስመር ብቻ ነው ያለው። በ4.0 ቦርድ ላይ ያዘግማል ማለት አይደለም፤ በ3.0 ላይ ግን፣ በተለይ 4 ጊጋባይት ሚሞሪው ሲሞላ፣ ያንቀዋል። ለአሮጌ ማሽን ርካሽ ካርድ ይስማማል የሚለው አባባል እዚህ ላይ አይሠራም። የኢንቴል አርክ ካርዶችም ሪሳይዘብል ባር የሚባለውን፣ ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሚሞሪ ባንዴ እንዲያይ የሚያደርገውን፣ ይፈልጋሉ። ይህ ባዮስ የለውም። ተሰረዙ።

ሦስተኛ ሚዛን። ፕሮሰሰሩ የ2012 ነው። ትልቅ ካርድ ባስገባ ካርዱ ግማሽ ቀን ተኝቶ ፕሮሰሰሩን ይጠብቃል። ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር 125 ዋት ይበላል፣ 6 ጊጋባይት አለው። አርኤክስ 6600 ደግሞ 132 ዋት፣ 8 ጊጋባይት፣ ስምንት መስመር። ሁለቱም አንድ ባለ 8 ፒን ይበቃቸዋል። አርቲኤክስ 3060 በ170 ዋት ይገባል፣ 12 ጊጋባይቱም ያስቀናል፤ ግን ለዚህ ፕሮሰሰር ትርፍ ነው።

6600ን መረጥኩ። ለሚሞሪው ስል፤ ደግሞም ሊኑክስ ላይ የኤኤምዲ ድራይቨር ከከርነሉ ጋር አብሮ ስለሚመጣ። ይህ ወደ መጨረሻው ይጠቅመኛል። ፕሮሰሰሩ 130፣ ካርዱ 132፣ የቀረው ሁሉ ተደምሮ ከ100 አይበልጥም። 600 ዋቱ ሳይጨነቅ ይሸከመዋል።

ጥቁር ስክሪን

ካርዱ ገባ። ፋኖቹ ዞሩ። ሞኒተሩ ጥቁር።

ጩኸት የለም። ስድስት ጊዜ ቢጮህ ካርዱ በደንብ አልተሰካም ወይም ኃይል አልደረሰውም እል ነበር። ዝምታው ሌላ ነገር ነው የሚናገረው። ኪቦርዱ ላይ ነምሎክ ስጫን መብራቱ ይበራል፣ ይጠፋል። ማለትም ማሽኑ ነቅቷል፤ ምስል ብቻ ነው የጠፋው።

ጥርጣሬዬ ባዮሱ ላይ አረፈ። አዳዲስ ካርዶች ምስል የሚያወጡት በዩኢኤፍአይ፣ በአዲሱ የማስነሻ መንገድ ነው። ይህ ማሽን ደግሞ ዓመታት ሙሉ በሌጋሲ፣ በአሮጌው መንገድ ነው የተነሳው። ዊንዶውሱም የተጫነው በኤምቢአር፣ በአሮጌው የዲስክ ክፍፍል ነው። ሁለቱ አልተነጋገሩም።

አካሄዴ እንዲህ ሆነ። ኳድሮው ተመለሰ፣ ምስል መጣ። ባዮሱን ለሞዴሉ ወደወጣው የመጨረሻ ቨርዥን አሳደግኩ። በአፕዴቱ ሰዓት መብራት እንዳይቋረጥ ዩፒኤስ ላይ መሰካት ይሻላል፤ መሐል ላይ ከጠፋ ቦርዱን ማዳን ራሱን የቻለ ፕሮጀክት ነው። ቀጥሎ ዲስኩን ከኤምቢአር ዩኢኤፍአይ ወደሚፈልገው ጂፒቲ ክፍፍል ቀየርኩት። ከዊንዶውስ 10 ቨርዥን 1703 ጀምሮ ኤምቢአር2ጂፒቲ የሚባል መሣሪያ አብሮ ይመጣል፤ ፋይል ሳያጠፋ ይቀይራል። ባክአፕ ግን አይቀርም። ከዚያ ባዮስ ገብቼ የኦፕሽን ሮም ምርጫው ውስጥ ቪዲዮን ከሌጋሲ ወደ ኢኤፍአይ አዞርኩ፣ የቡት ቅደም ተከተሉንም ዩኢኤፍአይ አስቀደምኩ። አስቀምጬ አጠፋሁ። 6600ው ተመለሰ።

ሎጎው መጣ።

ለሚቸገር ሰው አንድ ነገር ልጨምር። የሞኒተሩ ኬብል ማሽኑ ላይ የት እንደተሰካ ይታይ። ዚዮን ኢ5 ውስጡ ግራፊክስ የለውም፤ ስለዚህ ምስል የሚወጣው ከካርዱ ብቻ ነው። ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይሩ ርካሽ አስማሚዎችም የባዮሱን ገጽ ሳያሳዩ ዊንዶውስ ላይ ብቻ ሊነቁ ይችላሉ። ምርመራ ላይ እያሉ በቀጥታ ኬብል መሥራት ነው የሚሻለው።

ድራይቨርና የሐሰት ደወል

የኳድሮውን ድራይቨር በዲዲዩ (ድራይቨር በሚያጸዳው ፕሮግራም)፣ በሴፍ ሞድ ሆኜ አጸዳሁ። የኤኤምዲው ተጫነ። የካርዱን መረጃ የሚያሳየውን ጂፒዩ-ዜድ ስከፍት ፒሲአይ በስምንት መስመር፣ በ1.1 ይላል። ሰው ይህን ሲያይ ይደነግጣል። አያስፈልግም። ካርዱ የተሠራው ራሱ በስምንት መስመር ነው። 1.1 የሚለውም ሥራ ሲፈታ ኃይል ለመቆጠብ ዝቅ ስለሚል ነው። አጠገቡ ያለችውን የጥያቄ ምልክት ተጭኖ የሙከራ ምስሉን ማስኬድ ነው፤ ወዲያው 3.0 ይሆናል። የእኔም ሆነ።

አማካዩ ጥሩ፣ ጨዋታው መጥፎ

አሁን ጌም። በአፍተርበርነር ፕሮግራም የፍሬም ቁጥሮቹን ስክሪን ላይ አወጣሁ። አማካዩ ከ60 በላይ ነው። ግን ክፍት ዓለም ባላቸው ጌሞች፣ ከተማ ውስጥ መኪና ሲነዳ፣ ምስሉ ይንተባተባል። ቁጥሩ አሪፍ፣ ዓይን ግን ይበሳጫል።

ለዚህ ነው አማካይ ብቻውን የማይበቃው። ፍሬም ታይም የሚባለውን መስመር ማየት ያስፈልጋል። 60 ፍሬም ማለት እያንዳንዱ ምስል በ16.7 ሚሊሰከንድ ይደርሳል ማለት ነው። የእኔ መስመር ላይ በየመሐሉ ከ50 በላይ የሚዘልል እሾህ አለ። በዚያው ቅጽበት አራቱም ኮሮች መቶ በመቶ ናቸው፤ ካርዱ ደግሞ ወደ ስልሳ በመቶ ይወርዳል። ጥፋተኛው ተያዘ።

የጌሙን ሴቲንግ ዝቅ ማድረግ እዚህ ላይ ብዙም አይረዳም። ቴክስቸርና ጥላ በአብዛኛው የካርድ ሥራ ነው። ፕሮሰሰሩን የሚያቃልሉት ሌሎቹ ናቸው፦ የሕዝብ ብዛት፣ የርቀት እይታ፣ የትራፊክ መጠን። እነሱን ቀነስኩ። ፍሬሙንም 60 ላይ ገደብኩት። ፕሮሰሰሩ ትንፋሽ አገኘ፣ እሾሁም አጠረ። ግን አልጠፋም።

ስለዚህ ፕሮሰሰር። ባለ 8 ኮሩ ኢ5-2690 ዓይን ይስባል፤ 2.9 ጊጋኸርዝ፣ ሲያፈጥን 3.8። ለሬንደር ብዬ ቢሆን እሱን ነበር የምወስደው። ለጌም ግን ዋናው ነገር ኮሮቹ ሁሉ አብረው ሲሠሩ የሚይዙት ፍጥነት ነው፤ እሱ ደግሞ ከላይኛው ቁጥር በደንብ ዝቅ ይላል። ባለ 6 ኮሩን ኢ5-1650 ወሰድኩ፤ 3.2፣ ሲያፈጥን 3.8፣ ያው 130 ዋት። በአንድ ኮር ከአሮጌው 1620 አይፈጥንም፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ትርፉ ተጨማሪ ሁለት ኮር ነው።

ሲቀየር የሂትሲንኩን ብሎኖች በመስቀለኛ፣ ቀስ በቀስ፣ ተራ በተራ ማጥበቅ ነው። በዚህ ሶኬት ላይ ጫናው ወደ አንድ ጎን ካደላ አንድ የራም ቻናል ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል። 32 የነበረው 24 ብሎ ሲነበብ ሰው ራሙን ይወቅሳል።

እሾሁ ጠፋ ማለት ይቻላል። አማካዩ ብዙም አልጨመረም። ዝቅተኛው ነው ከፍ ያለው፤ ዓይን የሚያየውም እሱን ነው።

ድንገተኛው ሰማያዊ ስክሪን

ሁሉም አለቀ ስል መጣ። ጌም መሐል ሰማያዊ ስክሪን፤ ዊአ አንኮሬክታብል ኤረር የሚለው። አንዳንዴ ቶሎ፣ አንዳንዴ ቆይቶ።

ኢቨንት ቪወር፣ የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ፣ ተከፈተ። ከርነል-ፓወር 41 ብዙ ሰው የሚይዘው ነው፤ እሱ ግን ማሽኑ ሳይዘጋ ጠፋ ከማለት ሌላ አይነግርም። ፓወር ሰፕላዩን በእሱ ብቻ መክሰስ ግፍ ነው። ከእሱ በላይ ያሉትን መስመሮች አነበብኩ። ዊአ-ሎገር 47፣ ደጋግሞ። የታረመ የሃርድዌር ስህተት፣ ክፍሉ ሚሞሪ።

የኢሲሲ ራም ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው የሚታየው። አንድ ቢት ሲገለበጥ ያርመዋል፣ ለሲስተሙም ያሳውቃል። ሁለት ቢት አብሮ ከተበላሸ ማረም አይችልም፤ ያውቀዋል፣ ማሽኑንም ያስቆመዋል። ኢሲሲ በሌለው ራም ቢሆን ጌሙ በዘፈቀደ ይዘጋል፣ ፋይል ይበላሻል፣ ሰው ድራይቨር ሲቀያይር ይከርማል። እዚህ ግን ማሽኑ ራሱ ይመሰክራል።

ከአራቱ የትኛው ነው? ሁለቱን አውጥቼ በሁለቱ አስጨነቅኩት። ንጹሕ። ሌሎቹን ሁለት አስገባሁ፤ 47 ተመለሰ። ከሁለቱ አንዱን ነጠልኩ። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው የሚዘለለው፦ ራሙ ነው ወይስ ስሎቱ? ተጠርጣሪውን ሌላ ስሎት ላይ ሰካሁት። ስህተቱ ተከተለው። ስሎቱ ነፃ ወጣ። የወርቅ ጥርሶቹን በአልኮል ጠርጌ ሌላ ዕድል ሰጠሁት፤ አሁንም ያው። ተቀየረ። በሌላ 12800ኢ፤ ፊደሏ ከመክፈቴ በፊት ተነብባለች። ከዚያ ወዲህ 47 አልታየም፣ ሰማያዊውም ስክሪን።

አሁን ያለበት

ለሁለት ጌም ምላሽ የለኝም። ኤቪኤክስ2 የሚባለውን የፕሮሰሰር ትእዛዝ የሚጠይቁ አዳዲስ ጌሞች አሉ። ያ ትእዛዝ በኢንቴል በኩል የመጣው በ2013 ከሃስዌል ጋር ነው፤ ዚዮን ኢ5 ውስጥ ደግሞ በ2014 ከቪ3 ጋር። ስለዚህ ቪ2ም ቢገባ አያድንም። ማሽን ገና ሊገዛ ያሰበ ሰው ካለ የእኔ ምክር ይህን ትውልድ ዘልሎ ቪ3ን መያዝ ነው፤ ዲዲአር4 ይጠቀማል፣ ኤቪኤክስ2ም አለው። እኔ 420ን ያነሳሁት ቀድሞ ስለነበረኝ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ሲስተሙ ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቺፕ) እና ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያለ የኢንቴል ፕሮሰሰር ይጠይቃል። አስገድዶ መጫን ይቻላል፤ ነገር ግን አፕዴቱ የት ላይ እንደሚቆም ዋስትና የለም። ሁለተኛ ኤስኤስዲ ላይ ሊኑክስ ጫንኩ። ካርዱ ድራይቨር ሳልጭንለት ሠራ። ስቲም የዊንዶውስ ጌሞችን ሊኑክስ ላይ በሚያስኬደው ፕሮቶን አማካይነት አብዛኞቹን ጌሞቼን ከፈተ። ያልከፈታቸው ጥብቅ አንቲቺት (የማጭበርበር መከላከያ) ያላቸውን የኦንላይን ጌሞች ነው። እነሱን ለሚጫወት ሰው ይህ መንገድ አይሆንም።

ኳድሮው አልተሸጠም፤ ጥቁር ስክሪን ሲመጣ እሱ ነው የሚገባው። የሚቀረው የፊት ፋን ነው። ትንሽ ይንጫጫል፣ መሰኪያው የተለመደው ዓይነት አይደለም። ልኩን ወስጃለሁ፤ ትክክለኛው ሲገኝ ይቀየራል።